ደም ሰጪውንስ ማን ይጠብቀዋል?



ባለፈው ወር በማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ሰንብቷል። ፕሌትሌት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን እንዲጽፍ የሚጠይቅ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ወረቀት ከሥሩ ተቀጠለለት። የዛሬ ወጣት ለራሱ ብቻ ይኖራል እያሉ የሚያሙን ሰዎች ያን ሰሌዳ ቢያዩት ኖሮ ሐሳባቸውን በለወጡ ነበር። እኛም ከፈረሙት መካከል ነን። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ከዳር ቆሞ እንደሚተች ሰው ሳይሆን ክንዱን ለመርፌ እንደሚዘረጋ ሰው ነው።

የምንጽፈውም ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ሕመምተኛው ሁሉም ይናገራል፤ መናገሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፕሌትሌት በሚሰጥበት ሰዓት መኪናው ቢበላሽ፥ ቱቦው ቢታጠፍ፥ ወይም መብራት ቢጠፋ፥ በአልጋው ላይ የተጋደመውን ጤነኛ ሰው የሚጠብቀው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ጠይቀን እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘንም።

አስቀድመን ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ እናስረዳ። ፕሌትሌት በደማችን ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ሁሉ ትንሹ ነው። ሥራውም የተቀደደውን የደም ሥር መድፈንና ደም እንዲረጋ ማድረግ ስለሆነ በአማርኛ ደም አርጊ ሕዋስ የሚሉት አሉ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርስ ፕሌትሌት አለው። ሉኪሚያ በሚባለው የደም ነቀርሳ የተያዘ ሕፃን ግን፥ በተለይም መድኃኒቱን በሚወስድበት ጊዜ፥ ይህ ቁጥር እጅግ ይወርድበታል። ያን ጊዜ ያለ ምንም ቁስል ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል፤ በአንጎሉ ውስጥ የደማ እንደሆነ ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ቀይ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 42 ቀን ድረስ ሊቀመጥ ሲችል፥ ፕሌትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሳያቋርጥ እየተወዘወዘ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በየሳምንቱ አዲስ ሰጪ ያስፈልጋል። የስም ዝርዝሩም የተፈለገው ለዚህ ነው።

ፕሌትሌት የሚሰበሰብበት ዘዴ አፌሬሲስ ይባላል። ደሙ ከክንድ በመርፌ ይወጣና በቱቦ አድርጎ በፍጥነት ወደሚሽከረከር መኪና ይገባል። በመሽከርከሩ ኃይል ከባዱና ቀላሉ ይለያያል፤ ፕሌትሌቱ ወደ ከረጢት ይሄዳል፤ የቀረው ወደ ሰውዬው ይመለሳል። ከአንድ ሰው በዚህ መንገድ የሚገኘው ፕሌትሌት ሙሉ ደም ከሰጡ ከ4 እስከ 6 ከሚደርሱ ሰዎች ከሚሰበሰበው ጋር ይመጣጠናል። ሙሉ ደም መስጠት አሥር ደቂቃ ያህል ሲፈጅ ይህኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

የመኪናው ታሪክ የሚያስደስት ነው። ጆርጅ ጀድሰን የሚባል የአይ.ቢ.ኤም. ኢንጂነር ልጁ በሉኪሚያ ታመመበት። በአሜሪካ ቤተዝዳ ከተማ በሚገኘው የብሔራዊ ነቀርሳ ተቋም ኤሚል ፍራይራይክ የሚባሉ ሐኪም በሉኪሚያ የተያዙ ሕፃናት ደም እየፈሰሳቸው ሲሞቱ ማየት አስመርሯቸው ነበር። ኢንጂነሩና ሐኪሙ ተገናኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይም ደምን ሳያቋርጥ የሚለይ መኪና ሠርተው ለሥራ አበቁ። የአባት ፍቅርና የኢንጂነር ዕውቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሠሩ ይህ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት ልብ ማለት ይገባናል። ሙሉ ደም የሚሰጥ ሰው ደሙ ይወጣል እንጂ ወደ እርሱ የሚመለስ ነገር የለም። በዚህኛው ግን ደሙ ወጥቶ፥ በፕላስቲክና በብረት መካከል ዞሮ፥ ከኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ወደ ገላው ይመለሳል። መኪናው ለዚያን ያህል ሰዓት ከሰውነቱ ብልቶች እንደ አንዱ ሆነ ማለት ነው። የመኪናው ሕመም የሰውዬው ሕመም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሊደርስ የሚችለውን በአጭሩ እንዘርዝር። ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሲትሬት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝ፥ ደሙ ሲመለስ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። መኪናው ፈሳሹን ከመጠን በላይ ወይም በጣም አፍጥኖ ከመለሰ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ከበረታም የልብን አመታት እስከ ማዛባት ይደርሳል። ሲትሬቱ ካነሰ ወይም ከቆመ ደግሞ ደሙ በመኪናው ውስጥ ይረጋል። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከጠበበ ቀይ ሕዋሳቱ ይሰባበራሉ። የመርፌው ጫፍ ከደም ሥር ከወጣ ፓምፑ የሚመልሰውን ደም ከቆዳ ሥር ይገፋዋል፤ ክንዱም ደም ይቋጥራል። የአየር መቆጣጠሪያው ካልሠራ አየር ወደ ደም ሥር ሊገባ ይችላል። የሲትሬቱና የጨው ውሃው ከረጢት ቦታ ቢለዋወጡ አደጋው የከፋ ነው። መኪናው በመካከል ከቆመም በውስጡ ያለው ቀይ ደም ሳይመለስ ይቀራል።

በውሸት ማስፈራራት አንፈልግም። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፤ ከባዱ ነገር የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱም መከላከያ ተበጅቶለታል። የከንፈር ንዝረት ሲጀምር ፍጥነቱን መቀነስና የካልሲየም እንክብል መስጠት ይበቃል። መኪናው አየርና የቱቦ መዘጋት ሲያገኝ ደወል ደውሎ ራሱን ያቆማል። ነገር ግን እንክብሉ የሚጠቅመው በመሳቢያው ውስጥ ሲኖር፥ ደወሉም የሚጠቅመው የሚሰማው ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው።

አሁን ይህን እንድንጽፍ ያስገደደንን ነገር እንንገራችሁ። ቦታውን አንጠራም፤ የጓደኛችንንም ስም አንጽፍም፤ ሐሳባችን ሰው መክሰስ አይደለምና።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጓደኛችን ለአንድ የታመመ ሕፃን ፕሌትሌት ሊሰጥ ሄደ፤ ከመካከላችን ሁለቱ ሸኙት። ሥራው በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ገደማ ከንፈሩን ጉንዳን የወረረው መሰለው። ፈሪ እንዳይባል ብሎ ዝም አለ። ቀጥሎ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ አሁንም ዝም አለ። ሲስተር ሦስት አልጋ ብቻቸውን ይጠብቁ ስለነበር ፊቱን አላዩትም። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሲሆን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። መብራቱ ሲመለስም እየጮኸ አልሠራም አለ። ሲስተር ቢደክሙም አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ መርፌው ተነቀለ። በቱቦውና በመኪናው ውስጥ የነበረው ቀይ ደም እዚያው ቀረ። «አይዞህ ወንድሜ፥ ምንም አይደለም፤ ሻይ በስኳር ጠጣበት» ተባለና ወጣን። ምን ያህል ደም እንደቀረ የነገረን የለም፤ ወረቀትም አልተሰጠውም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ በግቢያችን የደም መስጫ ቀን ሆነ። ጓደኛችን ከሌላው ጋር ተሰልፎ ሙሉ ደም ሰጠ። «በቅርብ ጊዜ ደም ሰጥተሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልሰጠሁም፤ ፕሌትሌቱም ተቋርጦ ቀርቷል» ብሎ መለሰ፤ በእርሱ አስተሳሰብ ውሸት አልተናገረም። የሚያርመው መዝገብ ግን አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት በማደሪያው ደረጃ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ግንባሩም በስድስት ስፌት ተሰፋ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «እኔን የከፋኝ ግንባሬ አይደለም፤ የዚያን ቀን የወሰዱት ለሕፃኑ ይድረስ ወይም ይደፋ አለማወቄ ነው» አለን።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልገን አጣን። ሲስተር ቅን ሠራተኛ ናቸው። ጓደኛችንም ደግ ሰው ነው። መብራትም በከተማችን ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የጎደለው ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ሕግ፥ ቀይ ደሙ ሳይመለስለት የቀረ ፕሌትሌት ሰጪ የጠፋው መጠን ተመዝግቦ፥ መጠኑ ብዙ ከሆነ 8 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እንዳይሰጥ ይደረጋል። እዚያው አገር ፕሌትሌት የሚሰጥ ሰው በ12 ወር ውስጥ ከ24 ጊዜ፥ በሳምንትም ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ይህን ለመቆጣጠር ብዙ ወርቅ አያስፈልግም፤ መዝገብና መዝገቡን የሚያነብ ሰው ይበቃል።

በመዝገብ ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ስለምንድን ነው? የሌሎች አገሮች ታሪክ ስላስተማረን ነው፤ ሦስት ምሳሌ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው መሪር ነው። በቻይና በሔናን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድኾች ገበሬዎች ፕላዝማቸውን ለገንዘብ ይሸጡ ነበር። የብዙ ሰዎች ደም በአንድ ላይ ተሽከርክሮ ፕላዝማው ከተወሰደ በኋላ፥ የተደባለቀው ቀይ ደም ለሻጮቹ ተከፋፍሎ ይመለስላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኤች.አይ.ቪ. ተያዙ። ነገሩን ያጋለጡት ሐኪሞች ዋንግ ሹፒንግና ጋዎ ያኦጂዬ መመስገን ሲገባቸው መከራ ተቀበሉ። የዛሬው አፌሬሲስ ለእያንዳንዱ ሰው የታሸገ፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቱቦና ከረጢት ስላለው እንዲህ ያለው ነገር አይደርስም። የማይደርሰው ግን እሽጉ እውነተኛ እሽግ ሆኖ ሲቆይ፥ ለቁጠባ ተብሎም ሁለተኛ ጊዜ ሳይሠራበት ሲቀር ነው።

ሁለተኛው በፈረንሳይ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ፋብሪካ በተገዙ የፕላዝማ መሰብሰቢያ መኪናዎች ውስጥ ጥቃቅን ፍርፋሪ ታየ፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም መኪናዎቹ ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ። ፈረንሳዮች በተበከለ ደም ምክንያት ከደረሰባቸው መከራ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1993 በደም ሥራ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ሁሉ የሚከታተል ድርጅት በሕግ አቁመው ነበር። እንግሊዞችም በ1996 ተመሳሳይ ነገር ጀመሩ። ፍርፋሪ ያየ ሠራተኛ የሚጽፍበት መዝገብና የሚሰማው አለቃ ካለው ፍርፋሪው ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ከሌለው ተጠርጎ ይጣላል።

ሦስተኛው እጅግ የሚያስገርመው ነው፤ መኪናው ምንም ሳይበላሽ የሆነ ነገር ነውና። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያስቀር ትንሽ ክፍል አለ። የተሠራው ለሕመምተኛው ጥቅም ነው፤ ንጹሕ ፕሌትሌት እንዲደርሰው ተብሎ። የቦስተን ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚሰጡ ሰዎችን ደም መርምረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ ከሰጡት 20 ሰዎች መካከል ሲዲ4 የሚባሉት ተከላካይ ሕዋሳት ከ200 በታች የወረዱበት አንድም ሰው አልተገኘም፤ ከ20 እስከ 24 ጊዜ ከሰጡት 20 ሰዎች መካከል ግን 6 ተገኙ። ሰዎቹ ጤነኛ መስለው የሚሠሩ፥ የሚወጡና የሚገቡ ናቸው። ተከላካይ ሕዋሶቻቸው ግን በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ እየቀሩ፥ ከቱቦው ጋር እየተጣሉ ኖረዋል። መኪናው ለብዙ ዓመታት በደንብ ሲሠራ ነበር፤ የተረሳው ሰጪውን መቁጠር ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻችን የሚሉንን እናውቃለን። አንድ የምናከብራቸው መምህር ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብበው «ልጆቼ፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያነበበ ተማሪ ስሙን ከወረቀቱ ይሰርዛል፤ ሕፃኑም ይሞታል» አሉን። ቃላቸው ከበደን፤ ሁለት ቀንም ተከራከርንበት። በመጨረሻ የደረስንበት ይህ ነው፦ ሰው የሚሸሸው ከእውነት ሳይሆን ከድንገተኛ ነገር ነው። ከንፈርህ ሊነዝር ይችላል፥ ሲነዝርህ ንገረን ተብሎ የተጋደመ ሰው ሲነዝረው ይናገራል፤ እንክብሉን ይውጣል፤ በሚቀጥለው ወርም ይመለሳል። ሳይነገረው የነዘረው ግን የሞተ ይመስለዋል፤ ዳግመኛም አይመጣም፤ ለጓደኞቹም ያወራል። የኛ ጓደኛ በወደቀ ማግስት ከስም ዝርዝሩ ላይ ሰባት ሰዎች ተሰርዘዋል፤ የሰረዛቸውም ጽሑፍ ሳይሆን ወሬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚጋደም ሌላው ሰው ሁሉ የሚጋደመው ለራሱ ሕመም መድኃኒት ፍለጋ ነው። ስለዚህ ጥቂት አደጋ ቢቀበል ጥቅሙን ያስባል። ፕሌትሌት ሰጪው ግን ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ጤነኛ ሆኖ ከመውጣት በቀር ለገላው የሚያገኘው ጥቅም የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ገላ የተቀበለ ሁሉ አደራ ተቀብሏል፤ አደራ ደግሞ በልግስና ስም አይቀልም።

እንግዲህ ማኅበራችን የስም ዝርዝሩን ከማስረከቡ በፊት የሚከተሉትን እንዲጠይቅ እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ሰጪው ከመጋደሙ በፊት ሊደርስበት የሚችለው ነገር በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ሲሰማው ምን ማለት እንዳለበትም ይታወቀው።

ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ መኪና ላይ መቼ እንደተመረመረና ማን እንደመረመረው የሚያሳይ ካርድ ይሰቀል። የታሸገው የቱቦ ስብስብም በሰጪው ፊት ይከፈት።

ሦስተኛ፥ መብራት ሲጠፋ መኪናውን ወዲያው የሚይዝ ባትሪ ሳይኖር ሥራ አይጀመር።

አራተኛ፥ ካልሲየም በእጅ ይኑር፤ መርፌው በክንድ ውስጥ እስካለ ድረስም የሠለጠነ ሰው ከክፍሉ አይውጣ።

አምስተኛ፥ ትንሽም ትልቅም ጉዳት በመዝገብ ይጻፍ። ሥራው የተቋረጠበት ሰው ምን ያህል ደም እንደቀረና መቼ ዳግመኛ መስጠት እንደሚችል የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። የተሰበሰበው ለሕመምተኛ ይድረስ ወይም ይጣል ይነገረው። የመዝገቡም ድምር በዓመት አንድ ጊዜ ለሰጪዎች ይገለጽ።

ስድስተኛ፥ አንድ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሰጠ ይቆጠር፤ ደጋግሞ የሚሰጠውም የነጭ ሕዋሱ ቁጥር ይመርመር።

ሌላውን ስንጠይቅ ራሳችንንም አንርሳ። የስም ዝርዝሩ የፈቃደኞች ዝርዝር ይሁን እንጂ በየክፍሉ እየተቆጠረ ኮታ አይሁን፤ ያልሰጠውን ተማሪ ማሽሟጠጥም ይቅር። ስንጠየቅ እውነቱን እንናገር፤ ባዶ ሆድ አንሂድ፤ ሲነዝረን ዝም ማለትን ከጀግንነት አንቁጠር። ጓደኛችን ደፋር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ድፍረቱ ጎዳው።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ክፍል የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ፓምፕና ስለ ሴንትሪፉጅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይማራሉ። ለልምምድ ወደ እነዚህ መኪናዎች ቢላኩ፥ የምርመራውን ካርድ ቢሞሉ፥ የጎደለውንም መለዋወጫ ቢዘረዝሩ ትምህርቱም ይጠነክራል፤ መኪናውም ባለቤት ያገኛል። የመጀመሪያው መኪና የተሠራው ኢንጂነሩ ወደ ሐኪሙ ዘንድ ስለሄደ ነው። የእኛም ኢንጂነሮች ያን መንገድ ይሂዱበት።

ስማችንን ከወረቀቱ ላይ አንሰርዝም። ጓደኛችንም የሐኪሙ ቀጠሮ ሲያልቅ እንደሚመለስ ነግሮናል። ነገር ግን ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄው «ባለፈው የቀረብኝ ደም ስንት ነበር?» የሚል ይሆናል። መዝገቡን ገልጦ የሚመልስለት ሰው እንዲያገኝ ማድረግ የሁላችን ግዴታ ነው።